የትኛው ቀድሞ ይበላሻል? ሸክላ፣ ካሴት፣ ሲዲና ሌሎች ፕላስቲኮችን የመመርመርና የማቆየት መመሪያ

በአንድ ቤት ቡፌ ውስጥ የአባት ሸክላ፣ የእናት ካሴትና የልጆች የሠርግ ዲቪዲ አብረው ቢገኙ፣ አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚጨነቀው ለሸክላው ነው፤ በዕድሜ ታላቁ እርሱ ነውና። ፕላስቲክ ግን የሚያረጀው በተሠራበት ዓመት ቅደም ተከተል አይደለም። በ1970 የታተመ ሸክላ በአግባቡ ከተያዘ ዛሬም ይጫወታል፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በቪዲዮ ቤት ኮምፒውተር የተቀዳ ዲቪዲ ግን ላዩ አዲስ መስሎ ውስጡ የማይነበብ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ያለዎትን ንብረት በዕድሜው ሳይሆን በተሠራበት ነገር ለይተው፣ የታመመውን ከጤነኛው አርቀው፣ ቀድሞ የሚጠፋውን ቀድመው ገልብጠው፣ የቀረውን በሚስማማው ቦታ የሚያስቀምጡበትን መንገድ ያሳያል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፕላስቲክ የሚያረጅበት ምክንያት

ፕላስቲክ የተባለ ሁሉ እጅግ ረጃጅም ከሆኑ የሞለኪውል ሰንሰለቶች የተሠራ ነው። ሰንሰለቱ ሲበጣጠስ ዕቃው ተሰባሪ ይሆናል፤ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ሲተሳሰሩ ደግሞ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ቀለሙም ይለወጣል። ይህን የሚያፋጥኑት ሙቀት፣ ብርሃን፣ ኦክስጅንና እርጥበት ሲሆኑ፣ የእያንዳንዳቸው ጉዳት እንደ ፕላስቲኩ ዓይነት ይለያያል። ከብርሃን የሚከፋው አልትራቫዮሌት የሚባለው የማይታይ ጨረር ነው፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ጨረሩ እየበረታ ስለሚሄድ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ በተቀመጠችው አዲስ አበባ አየሩ ቀዝቃዛ ነው ብሎ ሲዲና ሸክላ መስኮት ሥር መደርደር አያዋጣም።

ከእነዚህ ሌላ ፕላስቲኩ ከራሱ ውስጥ የሚያመነጨው ችግር አለ። ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ በተፈጥሮው ደረቅ ስለሆነ፣ ለስላሳ እንዲሆን ሲፈለግ ዘይት መሰል ማለስለሻ ይጨመርበታል፤ ማለስለሻው ከፕላስቲኩ ጋር በኬሚካል ያልተሳሰረ በመሆኑ ዓመታት ሲያልፉ እየሾለከ ይወጣል። አሮጌ የጠረጴዛ ላስቲክ መጀመሪያ እጅ ላይ የሚጣበቀው፣ ቆይቶም የሚደርቀውና የሚሰነጠቀው በዚህ ምክንያት ነው። ሌሎች ፕላስቲኮች ደግሞ አሲድ ወይም አሲድ የሚሆን ጋዝ ይለቃሉ፦ የፎቶና የሲኒማ ፊልም የሚሠራበት ሴሉሎስ አሴቴት የኮምጣጤን አሲድ፣ ፒቪሲ ሃይድሮጅን ክሎራይድን፣ ጥንታዊው ሴሉሎስ ናይትሬት የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዞችን። የወጣው አሲድ የቀረውን ፕላስቲክ ተመልሶ ያጠቃዋል፤ በታሸገ ቆርቆሮ ውስጥ ሲታፈን ደግሞ ጉዳቱ ይፈጥናል። «አጥብቆ ያሸጉት ዕቃ አይበላሽም» የሚለው የተለመደ አስተሳሰብ እንዲህ ላሉት ፕላስቲኮች ተቃራኒውን እንደሚያደርግ ከወዲሁ ማወቅ ለቀጣዮቹ ደረጃዎች ሁሉ ይጠቅማል።

1ኛ ደረጃ፦ ያለዎትን ሁሉ አውጥተው በተሠራበት ነገር ይለዩ

ሥራውን በደረቅ ወር፣ ለምሳሌ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ፀሐይ በማይነካው ጠረጴዛ ላይ ይጀምሩ። ጠረጴዛው ላይ ነጭ አንሶላ ያንጥፉ፤ ከዕቃው የሚረግፈው ብናኝና ቅርፊት ራሱ የጉዳቱ ማስረጃ ስለሆነ በነጭ ላይ ጎልቶ ይታያል።

በተለምዶ ሸክላ የምንላቸው ዲስኮች ቢያንስ ሦስት ዓይነት ናቸው። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩት የጥንቶቹ፣ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን ያስቀረጹባቸው ዓይነት፣ ነፍሳት ከሚያመነጩት ሙጫና ከተፈጨ ድንጋይ ድብልቅ የተሠሩ፣ ከባድና ከእጅ ካመለጡ የሚከሰከሱ ናቸው። ኮሎምቢያ በ1948 ባለ33ቱን፣ አርሲኤ ቪክተር በ1949 ባለ45ቱን ካወጡ በኋላ የተስፋፉት ግን በፒቪሲ ላይ የተመሠረቱ፣ ቀለል ያሉና በጥቂቱ የሚለመጡ ናቸው፤ የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ ከ1969 እስከ 1975 ያሳተማቸውን ጨምሮ በየቤቱ የሚገኙት የአማርኛ ዘፈን ሸክላዎች የሚመደቡት በአብዛኛው በዚህ ነው። ሦስተኛው ዓይነት በቤት ውስጥ ብዙም አይገኝም፤ በሬዲዮ ጣቢያና በስቱዲዮ አንድ ቅጂ ብቻ ለመቅረጽ ያገለግል የነበረ፣ አሉሚኒየም ላይ ሴሉሎስ ናይትሬት የተቀባ ዲስክ ነው። በመሃል ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ብረት የሚታይ ከሆነ፣ ወይም ከመሃል ቀዳዳው አጠገብ ሌላ ትንሽ ቀዳዳ ካለው፣ ይህ እርሱ ሊሆን ስለሚችል ለብቻው ያስቀምጡት።

ካሴት ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ቤቱ ብዙውን ጊዜ ፖሊስታይሪን የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ሲሆን፣ ክሩ ደግሞ ፖሊስተር ነው። ድምፁ ያለው ግን በሁለቱም ላይ አይደለም፤ በክሩ ላይ በሙጫ በተለጠፈው ማግኔታዊ ብናኝ ላይ ነው። ፖሊስተሩ በጣም ጠንካራ ስለሆነ የካሴት ዕድሜ የሚወሰነው በሙጫው ነው ማለት ይቻላል።

ሲዲና ዲቪዲን ሲለዩ ዋናው ጥያቄ በፋብሪካ የታተመ ነው ወይስ በኮምፒውተር የተቀዳ የሚለው ነው። ዲስኩን ገልብጠው የሚነበበውን ገጽ በቀን ብርሃን ይመልከቱ። የፋብሪካው ሲዲ ጥርት ያለ የብር መልክ አለው፤ የተቀዳው ወደ አረንጓዴ፣ ወደ ሰማያዊ፣ ወደ ወርቅማ ወይም፣ ዲቪዲ ከሆነ፣ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። ይህ ቀለም ጌጥ አይደለም። በፋብሪካው ዲስክ ላይ መረጃው በፕላስቲኩ ላይ የታተመ ጉድጓድ ሲሆን፣ በተቀዳው ላይ ግን መረጃውን የያዘው በሌዘር የተቃጠለ ስስ የቀለም ንጣፍ ነው፤ ቀለሙ ደግሞ እንደማንኛውም ቀለም በብርሃንና በሙቀት ይለቃል።

የፎቶ ነጋቲቭ፣ ስላይድና የሲኒማ ፊልም ካለዎት በአራተኛ ክምር ያስቀምጡ።

2ኛ ደረጃ፦ በዓይን፣ በአፍንጫና በጣት ይመርምሩ

ለፊልም የመጀመሪያው መሣሪያ አፍንጫ ነው። ቆርቆሮውን ወይም ኤንቨሎፑን ሲከፍቱ የኮምጣጤ ሽታ ከሸተተዎት ፊልሙ አሴቴት ነው፣ መበስበስም ጀምሯል፤ ቀጥሎ ይኮማተራል፣ ጠርዙ ይሞገዳል፣ ምስሉን የያዘው ንጣፍም ይላቀቃል። ሂደቱን ማዘግየት እንጂ መመለስ አይቻልም። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ በፊት የተሠራ የሲኒማ ፊልም ካለዎት፣ ወደ ቡናማ የለወጠ፣ የሚያጣብቅ ወይም ዱቄት የሆነ ከሆነ ደግሞ ሴሉሎስ ናይትሬት ሊሆን ስለሚችል እሳትና ሙቀት በምንም ሁኔታ አያስጠጉት፤ አንዴ ከተያያዘ ለመቃጠል የሚያስፈልገውን ኦክስጅን ከራሱ ስለሚያመነጭ ውኃ አያጠፋውም። ቤት ውስጥ ሳያቆዩት ስለ ፊልም አያያዝ የሚያውቅ ተቋም ያማክሩ።

ሸክላን በጎን በኩል ከዓይንዎ ጋር አስተካክለው ይመልከቱ፤ ከተጣመመ ማዕበሉ ወዲያው ይታያል። ላዩ ላይ ደብዛዛ ጥላ ወይም የሽፋኑን ቅርጽ የተከተለ የሚያጣብቅ እድፍ ካለ፣ ሸክላው ለስላሳ የፒቪሲ ከረጢት ውስጥ ከርሞ የከረጢቱ ማለስለሻ ወደ እርሱ ተሻግሯል ማለት ነው። በአሉሚኒየም ዲስክ ላይ የሚታይ ነጭ፣ ቅባታማ ዱቄት ሻጋታ ሊመስል ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ለማለስለሻነት የተጨመረው የጉሎ ዘይት ተበላሽቶ የወጣ አሲድ ነው። እንዲህ ያለው ዲስክ ሽፋኑ ተሰነጣጥቆ በድንገት ሊረግፍ ስለሚችል፣ ለማጫወት ሳይሞክሩ ወደ ባለሙያ ይውሰዱት።

በካሴቱ በር በኩል የሚታየውን ክር ይመልከቱ። በክሩ መሃል፣ ከኋላው፣ ትንሽ የሱፍ ንጣፍ በስስ የመዳብ ስፕሪንግ ላይ ተለጥፋ መታየት አለባት፤ ክሩን ወደ ቴፑ ራስ የምትገፋው እርሷ ናት። የአሮጌ ካሴት ድምፅ ከታፈነ ብዙ ጊዜ የጠፋው ዘፈኑ ሳይሆን ይህች ንጣፍ ናት፤ ሙጫዋ ደርቆ ወድቃለች። ቤቱን በጆሮዎ አጠገብ ቀስ ብለው ቢያንቀጠቅጡት ውስጥ ስትንኳኳ ትሰማለች።

ሲዲን ወደ አምፖል ከፍ አድርገው በአሳላፊነት ይመልከቱ። እንደ ከዋክብት የሚታዩ ቀዳዳዎች ካሉ አሉሚኒየሙ ተበልቷል። ሰው ሁሉ የሚጠነቀቀው ለታችኛው፣ ለሚያብረቀርቀው ገጽ ነው፤ ሆኖም የሲዲ ጠቅላላ ውፍረት 1.2 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ከታች ያለው ፖሊካርቦኔት ነው፤ መረጃውን የያዘው ንጣፍ ያለው ከላይ፣ ከጽሑፉ ሥር፣ እጅግ ስስ በሆነ የላከር (እንደ ቫርኒሽ ያለ ቅብ) ሽፋን ብቻ ተከልሎ ነው። ከታች የተጫረ ሲዲ ሊድን ይችላል። ከላይ ጥፍር የነካው ግን መረጃው ራሱ ተፍቋል። ዲቪዲ በዚህ ይሻላል፤ ሁለት የ0.6 ሚሊ ሜትር ዲስኮች በሙጫ ተጣብቀው መረጃው መሃል ላይ ስለሚገባ ላዩ ቢጫር ያን ያህል አይጎዳውም፣ ነገር ግን ሙጫው ከመሃል ቀዳዳው ዙሪያ ሊላቀቅ ይችላል።

ዝገቱ ከየት እንደሚመጣ የሚያሳይ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። በ1988 እና በ1993 መካከል በእንግሊዝ አገር ብላክበርን ከተማ በሚገኘው የፒዲኦ ፋብሪካ የታተሙ ብዙ ሲዲዎች ከጊዜ በኋላ ከጠርዛቸው ጀምሮ የነሐስ መልክ እየያዙ መጥተዋል። በአሉሚኒየም ፈንታ ብር ተቀብቶባቸው ነበር፤ የላከር ሽፋኑ በቂ መከላከያ ስላልነበረ በአጃቢው ወረቀት ውስጥ ያለው ሰልፈር ገብቶ ብሩን አጥቁሮታል። ዲስኩን ያጠፋው እንግዲህ የራሱ ማኅደር ነው፤ ስለ ማስቀመጫ በኋላ የሚነገረውን በቁም ነገር መውሰድ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

3ኛ ደረጃ፦ የታመመውን ከጤነኛው ያርቁ

ኮምጣጤ የሚሸት ፊልም ከጤነኛ ፊልም ጋር በአንድ መሳቢያ ውስጥ አይደር፤ አየር ወደሚያገኝ የካርቶን ሣጥን ተዛውሮ ቀዝቃዛና ደረቅ ወደሆነ ሌላ ክፍል ይሂድ። ሻጋታ ያለበት ካሴት ወይም ሸክላም እንዲሁ ይለይ። ሻጋታውን ክፍል ውስጥ አይጥረጉ፤ ዕቃውን በጥላ ሥር ለጥቂት ቀናት አድርቀው፣ አፍና አፍንጫዎን በማስክ ሸፍነው፣ ደጅ በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉት።

በዚሁ አጋጣሚ ዕቃዎቹ የታሰሩበትን የብር ላስቲክ ሁሉ ፈትተው ይጣሉ። ጎማ ሲያረጅ ቀልጦ ይጣበቃል፣ ሰልፈርም ይለቃል፤ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ነጋቲቭ ላይ ያለው ምስል ደግሞ ሰልፈር የሚያጠቁረው ብር የተባለው ማዕድን ነው።

4ኛ ደረጃ፦ የመገልበጫውን ተራ ይወስኑ

ተራው በዕድሜ ከሚመጣው ግምት ጋር ብዙ ጊዜ ይጋጫል። የበሰበሰ ፊልምና የአሉሚኒየም ዲስክ ካለ ቀዳሚዎቹ እነርሱ ናቸው። ቀጥሎ በኮምፒውተር የተቀዱ ሲዲና ዲቪዲዎች ይመጣሉ፤ በተለይ ወረቀት የተለጠፈባቸው። በየቪዲዮ ቤቱ የሙሽሮች ፎቶ ታትሞ በሠርግ ዲቪዲ ላይ ይለጠፍ የነበረው ክብ ወረቀት ዕዳው ብዙ ነው፦ እርጥበት ሲስብና ሲደርቅ ዲስኩን ያጣምማል፣ ሲዞር ሚዛኑን ያዛባል፣ ሙጫውም ሽፋኑን ያጠቃል። ያም ሆኖ ለመላጥ አይሞክሩ፤ የሲዲ ከሆነ የመረጃውን ንጣፍ ይዞ ይነሣል። ደግመው ሊጻፉ የሚችሉት ዲስኮችም ለረጅም ጊዜ ማቆያነት የተሠሩ ስላልሆኑ በዚሁ ተራ ይግቡ።

ሦስተኛው ተራ የካሴት ነው፤ ከካሴቶችም መካከል ሌላ ቦታ የማይገኘው ይቅደም። የታወቀ ዘፋኝ ካሴት ከሌላ ሰው ቤት ሊገኝ ይችላል፤ ወደ ውጭ አገር ለሄደ ልጅ በካሴት ተቀርጾ የተላከ የእናት ድምፅ ግን አንድ ብቻ ነው። የፋብሪካ ሲዲና ሸክላ የመጨረሻዎቹ ናቸው፤ ስለ እነርሱ መጣደፍ አያስፈልግም።

«100 ዓመት ይቆያል» የሚል ጽሑፍ በባዶ ሲዲ ማሸጊያ ላይ አይተው ከሆነ፣ ቁጥሩ የተገኘው ዲስኩን በከፍተኛ ሙቀትና እርጥበት አስረጅቶ በስሌት በመገመት መሆኑን ያስታውሱ። የመኪና ዳሽቦርድና የቆርቆሮ ጣራ በስሌቱ ውስጥ የሉም። የወርቅ ንጣፍ ያላቸው ዲስኮች በእርግጥ ይሻላሉ፣ ወርቅ አይዝግምና፤ ግን ቀለማቸው ከብርሃን ነፃ አይሆንም።

5ኛ ደረጃ፦ ያጽዱና ይገልብጡ

ሲዲን ለማጽዳት ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ በዲስቲልድ (ተንኖ በተጣራ) ውኃ አርጥበው ከመሃል ወደ ጠርዝ በቀጥታ መስመር ይጥረጉ። በክብ መጥረግ የለብዎትም፤ መረጃው የተጻፈው በክብ መስመር ስለሆነ በዚያው አቅጣጫ የሚፈጠር ጭረት ብዙ ተከታታይ መረጃ ያጠፋል፣ አቋራጭ ጭረትን ግን ማጫወቻው በስሕተት ማረሚያው ሊያልፈው ይችላል። አሴቶን፣ ቤንዚንና ቲነር ፖሊካርቦኔትን ስለሚሰነጥቁ አይቅረቡት። በጥርስ ሳሙና መፈተግ የሚባለው ዘዴ በታችኛው ገጽ ላይ ያለ ቀላል ጭረትን አንዳንዴ ያለሰልሳል፤ ሆኖም ራሱ በጥቃቅን ጭረት የሚሠራ ስለሆነ ሌላ ተስፋ ለሌለው ዲስክ ብቻ ይተውት።

የተቀዳ ዲስክ ኮምፒውተሩ አላነብም ካለ ወዲያው ተስፋ አይቁረጡ። አንዱ ማንበቢያ ያቃተውን ሌላው ሲያነበው ማየት የተለመደ ነው፤ የጎረቤት አሮጌ ላፕቶፕ እንኳ ሊረዳ ይችላል። ዲዲሬስኪው የተባለው ነፃ ፕሮግራም ደግሞ የሚነበበውን ክፍል አስቀድሞ ይገለብጥና ያልተነበበውን በድጋሚ፣ ካስፈለገም በሌላ ማንበቢያ፣ እየሞከረ ክፍተቱን ይሞላል። ዲስኩን ከማኅደሩ ሲያወጡ ጠርዙን ስበው አያጉብጡት፤ የመሃሉን ጥርሶች በጣት ተጭነው ሲለቅ በጠርዙና በቀዳዳው ይያዙት።

ካሴት ከመጫወቱ በፊት ከዳር እስከ ዳር አንዴ ይጠቅለል። ለረጅም ጊዜ ከተቀመጠ መጀመሪያ በእስክሪብቶ ጥቂት ዙር በእጅ ያዙሩት፤ ክሩ እርስ በርስ ተጣብቆ ከሆነ እጅዎ ይነግርዎታል፣ የቴፑ ሞተር ግን ሳይጠይቅ ይበጥሰዋል። በካሴቱ ጀርባ ጫፍ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ፕላስቲኮች ሰብረው ያውጡ፤ ከዚያ በኋላ በስሕተት በላዩ ላይ መቅዳት አይቻልም። የቴፑን ራስና የጎማ ሮለሩን ያጽዱ፤ ለራሱ በአልኮል የራሰ ጥጥ ይሆናል፣ ለጎማው ግን ጥቂት ውኃ ይበቃል። የወደቀች የሱፍ ንጣፍ ካለች፣ ቤቱ በብሎን የተዘጋ ከሆነ ተፈትቶ ከማይፈለግ ካሴት በተወሰደች ትተካለች፤ በሙጫ የተዘጋ ከሆነ ክሩን ወደ ሌላ ባለብሎን ቤት ማዛወር ነው።

ክሩ ሲጫወት የሚጮህ፣ የሚዘገይና በቴፑ ራስ ላይ ቡናማ ዝቃጭ የሚተው ከሆነ ማጫወቱን ያቁሙ። ይህ በተለይ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በተሠሩ የትልልቅ ሪል ክሮች ላይ የሚታይ ሲሆን፣ ከፖሊዩሬቴን የተሠራው ሙጫ ከአየር እርጥበት ስቦ ሲበጣጠስ የሚፈጠር ነው። በቤታችን የምናውቀው ተመሳሳይ ጉዳት አለ፦ ለክት ተብሎ ከነካርቶኑ ለዓመታት የተቀመጠ ጫማ፣ በበዓሉ ቀን ጥቂት እንደተሄደበት ሶሉ ተፈርፍሮ የሚቀረው ያው ፖሊዩሬቴን በእርጥበት ስለሚበሰብስ ነው፤ ያለመደረጉ አላዳነውም። ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ሪል 50 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በሆነ በተመጠነ ሙቀት ለብዙ ሰዓታት አድርቀው፣ ለጥቂት ሳምንታት በሚቆየው ጊዜያዊ መሻሻል ውስጥ ይገለብጡታል። የወጥ ቤት ምድጃ ሙቀቱ ስለሚዋዥቅ ለዚህ አይሆንም፤ በፖሊስተር ፈንታ ከሴሉሎስ አሴቴት የተሠራ የሪል ክር ደግሞ እንዲህ ባለ ሙቀት ፈጽሞ አይደርቅም።

ሸክላን በካርቦን ፋይበር ወይም በጣም ለስላሳ በሆነ ብሩሽ አቧራውን ካነሡ በኋላ፣ ካስፈለገ በዲስቲልድ ውኃና በጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ የመስመሩን አቅጣጫ ተከትለው ይጥረጉ፤ በመጨረሻም በንጹሕ ዲስቲልድ ውኃ ያለቅልቁ። የመሃሉ ወረቀት አይራስ። ዲስቲልድ ውኃ የታዘዘው የቧንቧ ውኃ ሲደርቅ ኖራውን በመስመሩ ውስጥ ስለሚተው ነው። በ78ቱ ሸክላ ላይ ግን አልኮል ያለበት ነገር በፍጹም አይደረግ፤ ሙጫው በአልኮል ይሟሟል። ያረጀ የማጫወቻ መርፌ ደግሞ ከዓመታት ሙቀት የበለጠ ጉዳት በአንድ ዙር ስለሚያደርስ፣ ከመጀመርዎ በፊት መርፌውን ያስመርምሩ ወይም ይቀይሩ።

ድምፅን ሲገለብጡ ባልተጨመቀ ዌቭ ፋይል፣ ቢያንስ በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ያስቀምጡ፤ የ90 ደቂቃ ካሴት ወደ 1.5 ጊጋባይት ይይዛል። ኤምፒስሪ ለመላላክ እንጂ ለመዝገብ አይሆንም። ቅጂው በሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ላይ ይሁን፤ አንዱ በሌላ ቤት፣ ቢቻል በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ። ፍላሽ ለመውሰጃ ጥሩ ነው፣ ተሰክቶ ሳይታይ ለዓመታት ለሚቀመጥ ግን አይታመንም። ዋናውን ዕቃ ስለገለበጡት ብቻ አይጣሉት።

6ኛ ደረጃ፦ ቦታ ይምረጡ

ለሁሉም የሚስማማው ቦታ ጨለማ፣ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ያነሰ ወይም በዚያ አካባቢ የሆነ፣ የአየሩ እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ የሆነና ከሁሉ በላይ የማይለዋወጥ ቦታ ነው። በደጋ ከተሞች ይህን በውስጠኛ ክፍል፣ ከውጭ ግድግዳ በራቀ ቁም ሣጥን፣ ከወለል ጥቂት ከፍ ባለ መደርደሪያ ማግኘት አያዳግትም። መጥፎው ቦታ ከኮርኒስ በላይ ነው፤ የቆርቆሮ ጣራ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ጤዛውም ወደ ውስጥ ይንጠባጠባል። በዋሽንግተን አካባቢ ቤዝመንት ውስጥ ያስቀመጡ ወገኖች ችግራቸው በጋ ላይ የሚጨምረው እርጥበት ሲሆን፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉት ደግሞ ለእረፍት ሲወጡ ማቀዝቀዣው በሚጠፋበት ቤት ውስጥ ያለውን ሙቀት ማሰብ አለባቸው። በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ ሸክላ መተው ለጥቂት ሰዓትም ቢሆን አይገባም፤ ፒቪሲው 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል፣ ከተጣመመም እንደነበረ መመለስ ከባድ ነው።

ሸክላ ሁልጊዜ ይቁም፤ አይጋደም፣ አይደገፍ፣ አይደራረብ። ውስጠኛ ሽፋኑ አሲድ ከሌለው ወረቀት ወይም ከፖሊኢትሊን የተሠራ ይሁን። ወፍራም፣ ለስላሳና አዲስ ሲሆን የላስቲክ ሽታ ያለው ከረጢት ፒቪሲ ስለሆነ አይጠቅምም፤ የብዙ ሲዲዎች ማቆያ አልበምም በአብዛኛው ከዚሁ የተሠራ ነው፣ ስለዚህ ሲዲ ከአልበሙ ወጥቶ በየጠንካራ ማኅደሩ ይቁም። በዲስኩ ላይ መጻፍ ካስፈለገ በመሃል ባለው ግልጽ ቀለበት ላይ፣ በውኃ በተሠራ ቀለም ማርከር ብቻ ይጻፉ። ካሴት ክሩ በሙሉ ወደ አንድ በኩል ተጠቅልሎ ከስፒከርና ከማግኔት ርቆ ይቀመጥ።

በፌስታል አስሮ ማስቀመጥ እርጥበት ስለሚያፍን አይመከርም። በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙት ትናንሽ የሲሊካ ከረጢቶች ለጊዜው ይረዳሉ፤ ከጠገቡ በኋላ ግን ጥቅም የላቸውም። ናፍታሊን በዚያ ሣጥን ውስጥ አይግባ፤ ተኑ ፖሊስታይሪንን፣ ማለትም የካሴት ቤትንና የሲዲ ማኅደርን፣ ሊያለሰልስ ይችላል። ዕጣን የሚጨስበትና በከሰል ቡና የሚፈላበት ክፍልም ለክፍት መደርደሪያ አይመችም፤ ጥላሸቱ ከአቧራ ጋር ተቀላቅሎ በሸክላ መስመር ውስጥ ይጋገራል።

በዓመት አንዴ፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ በመስከረም መጨረሻ፣ ሣጥኖቹን ከፍተው ያሽቱ፣ ከየዓይነቱ ጥቂቱን አውጥተው ይመልከቱ፣ ሃርድ ዲስኮቹንም ሰክተው ፋይሎቹ መከፈታቸውን ያረጋግጡ።

ስለ ሌሎች የቤት ፕላስቲኮች

የጆሮ ማዳመጫና የአሮጌ ስፒከር ስፖንጅ ፖሊዩሬቴን ስለሆነ ይፈረፈራል፤ መተካት እንጂ ማዳን አይቻልም። የሚያጣብቅ ሪሞት ላዩ ላይ የነበረው ጎማ መሰል ሽፋን ተበላሽቶ ነው፤ ባትሪውን አውጥተው በአልኮል በራሰ ጨርቅ ደጋግመው ቢጠርጉት ሽፋኑ ይለቅና ከሥሩ ጤነኛ ፕላስቲክ ይወጣል። የቢጫ መልክ የያዘ ነጭ የኮምፒውተር ወይም የሬዲዮ ቤት ላዩ ብቻ ስለሆነ የተለወጠው፣ መልኩ ካላስጨነቀዎት ይተዉት።

መዳን የማይችለውን ሲያስወግዱ ከቆሻሻ ጋር አያቃጥሉት። ሸክላና የኤሌክትሪክ ገመድ ሲነዱ ከፒቪሲው የሚወጣው ሃይድሮጅን ክሎራይድ ዓይንና ሳንባን ያቃጥላል፣ ዳይኦክሲን የሚባሉ መርዛም ውሁዶችም ከጭሱ ጋር ይወጣሉ። ናይትሬት ነው ብለው የጠረጠሩትን ፊልም ቆሻሻ ገንዳ ውስጥም አይጣሉት፤ ወደ ባለሙያ እስኪደርስ ድረስ ሰው ከማያድርበት፣ ቀዝቃዛና አየር ከሚያገኝ ቦታ፣ ጥብቅ ክዳን በሌለው ዕቃ ውስጥ ይቆይ።